ለዱር አሳማ አደን ሾትጋን ሲመረጥ፦ ከርቀቱ ተነሥቶ ወደ ጠመንጃው

በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ክፍለ ግዛት፣ ከዳላስ ከተማ በስተ ምሥራቅ ጥቂት ኤከር የግጦሽ መሬት የገዛ አንድ ወዳጄ በአንድ ጠዋት ደውሎ «ሌሊት ትራክተር ገብቶ ያረሰው ይመስላል» አለኝ። ሄጄ ሳየው ሣሩ ከነሥሩ ተገልብጧል፤ አፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ተቆፍሯል፤ በጅረቱ ዳር ባለው ጭቃ ላይ ደግሞ እንደ ፍየል ኮቴ ለሁለት የተከፈለ፣ ነገር ግን ጫፉ የደነዘና ሰፋ ያለ ዳና ታትሟል። የዱር አሳማ ነበር። ወዳጄ ገና ከማሳው ሳንወጣ «የትኛውን ሾትጋን ልግዛ?» ሲል ጠየቀኝ። ሾትጋን በአንድ ተኩስ ብዙ ፍሬ ወይም አንድ ወፍራም አረር የሚተፋ ጠመንጃ ነው። ይህ ማብራሪያ በዚያን ዕለትና ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት የነገርኩት የተሟላ መልስ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ጥያቄው ከጅራቱ መጀመሩን ልናገር። የጠመንጃው ስም መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው። መጀመሪያ የሚታወቀው ከየት ሆኖ ወደ የት እንደሚተኮስ ነው፤ ርቀቱ ጥይቱን ይወስናል፤ ጥይቱ በርሜሉንና ማነጣጠሪያውን ይወስናል፤ ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ጠመንጃውን መምረጥ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ስለ እንስሳው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አሳማ ለአሜሪካ ምድር እንግዳ ነው፤ ስፔናዊው ኤርናንዶ ደ ሶቶ እ.ኤ.አ. በ1539 ፍሎሪዳ ሲደርስ ለስንቅ ይዟቸው ከመጣው ከብቶች መካከል አሳማዎች ነበሩ፤ ከዚያም በኋላ ከየእርሻው ያመለጡትና ለአደን ተብለው ከአውሮፓ የመጡት የዱር ዝርያዎች ተዳቀሉ። ዛሬ የአገሪቱ የእርሻ መሥሪያ ቤት ቁጥራቸውን ከ6 ሚሊዮን በላይ አድርጎ ይገምታል፤ ከየትኛውም ክፍለ ግዛት ይልቅ የበዙትም በቴክሳስ ነው። እኛ በአገር ቤት ከምናውቀው ከርከሮ ጋር በዝምድና ቢቀራረቡም ዝርያቸው ሌላ ነው፤ በገበሬው ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ግን፣ በቆሎው ሊደርስ ሲል ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ይዞ ያደረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሴቷ ዓመት ሳይሞላት መውለድ ትጀምራለች፤ በአንድ ጊዜም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 8 ግልገል ትወልዳለች። በዚህ ምክንያት በጠመንጃ ብቻ ቁጥራቸውን መቀነስ አይቻልም፤ ከመንጋው ሁለቱ ሲገደሉ የቀሩት ተበትነው ሌላ ማሳ ይገባሉ፣ ሌሊትን ይመርጣሉ፣ ይጠነቀቃሉ። መላውን መንጋ በአንድ ጊዜ የሚይዝ ትልቅ የበረት ወጥመድ የተሻለ መፍትሔ መሆኑን ለወዳጄም ነግሬዋለሁ። ጠመንጃው ከወጥመዱ ላመለጡት፣ ወጥመድ ለማቆም ለማይመችበት ቦታና ለአደኑ ለራሱ ነው።

ሾትጋን የቅርብ መሣሪያ ነው። ሰፊና ገላጣ በሆነ የእርሻ ሜዳ ላይ፣ መንጋው 150 ሜትር ርቆ የሚታይ ከሆነ ሾትጋን የሚመርጥ ሰው ተሳስቷል፤ እዚያ ቦታ የሚያስፈልገው ራይፍል፣ ማለትም ለሩቅ ዒላማ የተሠራ ጠመንጃ ነው። ሾትጋን የሚመሰገነው ቁጥቋጦ በበዛበት የጅረት ዳር፣ አሳማው ከሣር ውስጥ 15 ወይም 20 ሜትር ላይ በድንገት ብቅ በሚልበት፣ ወይም አሳማውን ለመሳብ በቆሎ የሚረጭ መመገቢያ አዳኙ ከሚቀመጥበት ማማ 40 ሜትር ገደማ ላይ በተተከለበት ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት መሬቱ ላይ ወጥቶ እርምጃ መቁጠር ይገባል። ወዳጄ መመገቢያውን የተከለው ከማማው 35 ሜትር ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጅረት 60 ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከጅረቱ ማዶ የጎረቤት ከብት ይግጣል። እነዚህ ሦስት ነገሮች ከየትኛውም የሻጭ ምክር የበለጠ ዋጋ ነበራቸው።

ወደ ጥይቱ እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነውና። የሾትጋን ጥይት በሦስት ዓይነት ይከፈላል። የወፍ ጥይት የሚባለው ውስጡ እንደ ሰናፍጭ የደቀቁ ብዙ ፍሬዎች ያሉበት ሲሆን ለአሳማ ፈጽሞ አይሆንም፤ ቆዳውን አቁስሎ እንስሳውን ለረጅም ስቃይ ከመዳረግ በቀር የሚሠራው ነገር የለም። ሁለተኛው በክሾት ነው፤ ለአሳማ የተለመደው «ድርብ ዜሮ» የሚባለው፣ እያንዳንዱ ፍሬ 8.4 ሚሊ ሜትር የሚሰፋው ሲሆን በመደበኛው የ12 ጌጅ (ጌጅ የበርሜል ስፋት መለኪያ ነው) ጥይት ውስጥ ብዙ ጊዜ 9 ፍሬ ይገኛል። ሦስተኛው ስላግ ነው፤ ማለትም አንድ ወፍራም አረር ብቻ የሚተፋ ጥይት።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ የድርብ ዜሮ ፍሬ ወደ 3.5 ግራም ይመዝናል፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 400 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህ ወደ 280 ጁል ኃይል ነው፤ እንግዲህ አንድ ፍሬ ብቻውን የትንሽ ሽጉጥ ጥይት ያህል ነው ማለት ነው። ዘጠኙ በአንድ ላይ፣ በአንድ ቦታ ሲያርፉ አስፈሪ ናቸው፤ ተበትነው አንዱ ሆድ፣ አንዱ እግር፣ አንዱ ጆሮ ሲመታ ግን ዘጠኝ ቁስል እንጂ አንድ ሞት አይደሉም። በዚያ ላይ ድቡልቡል ፍሬ በአየር ውስጥ ፍጥነቱን ቶሎ ይጥላል። የ12 ጌጅ ስላግ ደግሞ 28 ግራም ያህል አረር በሰከንድ ወደ 490 ሜትር ይልካል፤ ኃይሉም ከ3,000 ጁል በላይ ነው፤ ይህ ሁሉ የሚያርፈው አንድ ቦታ ላይ ነው።

ይህ ለምን በአሳማ ላይ ይበልጥ እንደሚያስጨንቅ ለመረዳት የእንስሳውን አካል ማወቅ ያስፈልጋል። ያረጀ ወንድ አሳማ ከትከሻው እስከ ጎድኑ ድረስ ከቆዳው በታች ወፍራምና ጠንካራ የሆነ የጅማት ሽፋን ያበጃል፤ አዳኞች ጋሻ ይሉታል፤ ወንዶቹ በክራንቻ ሲዋጉ የሚጠብቃቸው እርሱ ነው። በትልቅ አውራ ላይ ጋሻው ከሦስት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ሊወፍር ይችላል። አንድ ጊዜ ቆዳ ስንገፍ በቢላ ልቆርጠው ሞክሬ ቢላው በመኪና ጎማ ላይ እንዳለ ሲንሸራተት እጄ ላይ ተሰምቶኛል። በርቀት ኃይሉን የጨረሰ የበክሾት ፍሬ ይህን አልፎ ሳንባ እንዲደርስ መጠበቅ አይገባም። ከዚህም ሌላ የአሳማ ልብና ሳንባ ከአጋዘን ይልቅ ወደ ፊትና ወደ ታች ያዘነበለ ነው፤ ከትከሻው ኋላ ከፍ ብሎ የሚመታ ሰው ከሳንባው በላይ ወይም ጨጓራ ውስጥ ይገባል። ትክክለኛው ቦታ የፊተኛው እግር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲታይ፣ ከገላው ታችኛው አንድ ሦስተኛ ላይ ነው። አመቺ የሚሆነውም ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም፣ ወይም ትንሽ ወዲያ ዞሮ ሲቆም ነው።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ከማማ ላይ ተቀምጦ፣ የቆመ እንስሳ ላይ አስቦ ለሚተኩስ ሰው ስላግ ይሻላል። በክሾት ቦታ የሚኖረው በጥሻ ውስጥ በእግር እየሄዱ፣ ወይም ውሾች አስነሥተውት የሚሮጥን አሳማ ከ20 ሜትር ወዲህ ለመምታት ነው። በዚህ ጉዳይ ከእኔ የሚለዩ ልምድ ያላቸው አዳኞች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ደም እየተከተልኩ በጭቃ ውስጥ ግማሽ ሌሊት የባከንኩበትን ቀን ሁሉ ሳስበው ምክንያቱ ከልኩ አልፎ በርቀት የተተኮሰ በክሾት ነበር።

በስላግ ውስጥም አንድ የስም ወጥመድ አለ፤ ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ገንዘቡን ያባክናል። የሾትጋን በርሜል በአብዛኛው ውስጡ ልሙጥ ነው፤ የራይፍል በርሜል ግን አረሩን እንደ እንዝርት የሚያሽከረክር ጠመዝማዛ ቦይ ተቀርጾበታል። ለሾትጋንም እንዲህ ያለ ባለ ቦይ በርሜል ይሠራለታል። ገበያ ላይ «ራይፍልድ ስላግ» ተብሎ የሚሸጠው ጥይት ስሙ እንደሚያሳስተው ለባለ ቦይ በርሜል የተሠራ አይደለም፤ ለልሙጡ ነው። በጎኑ ላይ የሚታዩት መስመሮች በአፈሙዙ ጥበት ውስጥ ሲያልፍ እርሳሱ እንዲጨመቅ ያግዛሉ እንጂ ይህን ያህል አያሽከረክሩትም፤ አረሩ አቅጣጫውን የሚጠብቀው ክብደቱ ወደ አፍንጫው ስላደላ፣ ከኋላም ክፍት ስለሆነ ነው፤ ድንጋይ ጫፉ ላይ የታሰረበት ጨርቅ ሲወረወር ድንጋዩ እንደሚቀድም ማለት ነው። ሳቦት የሚባለው ስላግ ደግሞ በፕላስቲክ ሽፋን የታቀፈ ቀጭን አረር ሲሆን ለባለ ቦዩ በርሜል የተሠራ ነው፤ ዋጋውም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሳቦትን ከልሙጥ በርሜል የሚተኩስ ሰው ውድ ጥይት ገዝቶ ዒላማ የማይመታበት ምክንያት ይህ ነው። በተቃራኒው በክሾትን ከባለ ቦይ በርሜል መተኮስም አይሆንም፤ ፍሬዎቹ በሽክርክሪቱ ተበትነው መሐሉ ባዶ የሆነ ቀለበት ይሠራሉ። ስለዚህ ባለ ቦይ በርሜል የገዛ ሰው ራሱን በስላግ ብቻ አስሯል፤ በምትኩ ከ100 ሜትር በላይ የሚደርስ ትክክለኛነት ያገኛል። ልሙጡ ሁለቱንም ይተኩሳል፤ በስላግ ግን ጥሩ ማነጣጠሪያ ተገጥሞለት ከ50 እስከ 70 ሜትር ድረስ የሚታመን ነው። ለወዳጄ ማማ ልሙጡ በቂ ነበር።

ቾክ የሚባለው በአፈሙዙ ጫፍ የሚገጠም ማጥበቢያ ነው። የውኃ ቱቦን ጫፍ በጣት ሲጫኑት ውኃው እንደሚሰበሰብ ሁሉ፣ የጠበበው ቾክ ፍሬዎቹን አሰባስቦ ይሰዳል፤ የሰፋው ቶሎ ይበትናቸዋል። ለልሙጥ በርሜል ስላግ ሲተኮስ ሰፊዎቹን፣ ማለትም «ሲሊንደር» ወይም «ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር» የሚባሉትን መግጠም ይገባል፤ «ፉል» በሚባለው ጠባብ ቾክ ስላግ መተኮስ ግን መወገድ አለበት። ለበክሾት «ሞዲፋይድ» ብዙ ጊዜ ይስማማል፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ጠመንጃ የየራሱ ጠባይ ስላለው በወረቀት ላይ ሳይፈተን መታመን የለበትም።

ይህ ፈተና ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ግን አይሠራውም። ትልቅ ካርቶን ላይ 23 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋ የወረቀት ሳህን ይለጠፋል፤ ይህ የአሳማው ልብና ሳንባ የሚገኝበት ስፍራ ልክ ነው። ከዚያ ከ15፣ ከ25 እና ከ35 ሜትር በየተራ በክሾት ይተኮስበታል። በወዳጄ ጠመንጃ ስንሞክረው በ15 ሜትር ዘጠኙም ፍሬ ሳህኑ ላይ ወይም ጠርዙን ነክቶ ነበር፤ በ25 ሜትር ስድስቱ ብቻ ሳህኑን ሲያገኙ ሦስቱ ካርቶኑ ላይ ተበታትነው ነበር፤ በ35 ሜትር ሳህኑ ላይ ያገኘነው ሦስት ቀዳዳ ነው። በተለመደው ጥይት የፍሬዎቹ መበተን በየአንድ ያርዱ ወደ አንድ ኢንች ይሰላል፤ በዚህ ስሌት 25 ሜትር ላይ መበተኑ ከአንድ እንጀራ ይሰፋል፤ የምንፈልገው ደግሞ ከእንጀራው መሐል የወጥ ሳህን የምታህለውን ቦታ ብቻ ነው። ወዳጄ በክሾት ማለት «ደፍኖ የሚመታ» ነገር ይመስለው ነበር፤ ካርቶኑን ባየ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ። በጥይቱ ውስጥ ፍሬዎቹን የሚያቅፈው የፕላስቲክ ጽዋ በተለየ መንገድ የተሠራባቸው፣ መበተኑን በጣም የሚቀንሱ ጥይቶችም አሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ በዚያው ሳህን ላይ መፈተን ይገባቸዋል።

ማነጣጠሪያውን በተመለከተ፣ በአፈሙዙ ጫፍ ላይ አንዲት የነሐስ ዶቃ ብቻ ያለችው ሾትጋን የተሠራችው ለሚበር ወፍ ነው። በዶቃ ብቻ ስላግ ሲተኮስ ጉንጭ ከሰደፉ ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር አረሩ ወደ ላይ ይሄዳል። የኋላና የፊት ማነጣጠሪያ ያላት ወይም የማያጎላ የቀይ ነጥብ መነጽር የተገጠመላት ጠመንጃ ይህን ችግር ታስወግዳለች። ቀይ ነጥብ በተለይ በምሽት ጭላንጭል ላይ ይጠቅማል፤ ሁለቱንም ዓይን ከፍቶ ማነጣጠር ያስችላልና። በቴክሳስ በግል መሬት ላይ አሳማን በሌሊት ማደን የተፈቀደ ስለሆነ በበርሜሉ ሥር የሚታሰር ቀይ መብራት የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው፤ አሳማ ቀይ ብርሃንን በደንብ አይለይም። ዓይኑ ደካማ ቢሆንም አፍንጫው ግን ብርቱ ነው፤ ነፋሱ ከአዳኙ ወደ መመገቢያው የሚነፍስ ከሆነ ምንም ዓይነት መብራት አያድንም።

አሁን ጠመንጃው። 12 እና 20 ጌጅ የሚባለው ቁጥር ከበርሜሉ ስፋት ጋር እኩል የሆኑ ስንት የእርሳስ ድቡልቡሎች አንድ ፓውንድ እንደሚሞሉ የሚያሳይ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ በርሜሉ ይሰፋል። 12 ጌጅ 18.5 ሚሊ ሜትር፣ 20 ጌጅ 15.6 ሚሊ ሜትር ነው። 12 ጌጁ በጥይት ምርጫ ይበልጣል፤ ነገር ግን ትከሻን ክፉኛ ይመታል። ቀለል ያለ ሰውነት ላለው ሰው ወይም ምቱን እየፈራ ምላጩን ሲስብ ዓይኑን ለሚጨፍን ሰው 20 ጌጅ በስላግ ለአሳማ ከበቂ በላይ ነው፤ ፈርቶ ከሚስት አውራ ጥይት ተረጋግቶ የሚያገኝ ታናሽ ጥይት ይበልጣልና። በአንድ ቤት ሁለቱም ካሉ ግን ትልቅ አደጋ አለ። የ20 ጌጅ ጥይት በስሕተት 12 ጌጅ ውስጥ ቢገባ ወደ በርሜሉ ተንሸራቶ ይቀረቀራል፤ ሰውየው ባዶ መስሎት ሌላ የ12 ጌጅ ጥይት አጉርሶ ሲተኩስ በርሜሉ እጁ ላይ ይፈነዳል። የ20 ጌጅ ቀለህ በአብዛኛው ቢጫ የሚደረገው ስለዚህ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ኪስ፣ በአንድ ከረጢት መያዝ ፈጽሞ አይገባም።

በእጅ እየተሳበ የሚያቀባብለው «ፓምፕ» ርካሽ፣ ቀላልና ጭቃ የሚችል ነው። ሬሚንግተን 870 እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ ሞስበርግ 500ም እንዲሁ በየቤቱ ያለ ነው፤ ምላጩን የሚቆልፈው መጠበቂያ ከላይ በአውራ ጣት የሚገፋ በመሆኑ ለግራኝ ይመቻል። ራሱ የሚያጎርሰው ከፊል አውቶማቲክ ምቱን ያለዝባል፤ በተለይ በባሩዱ ጋዝ የሚሠራው ሁለተኛውን ተኩስ ያፈጥናል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ ጽዳትም ይፈልጋል። ብዙ መንጋ የሚመጣበት ሰው አውቶማቲኩን ቢመኝ አይፈረድበትም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ግን ያገለገለ ጥሩ ፓምፕ ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ በጥይትና በልምምድ ቢያውለው እመርጣለሁ። የበርሜሉ ርዝመት ለጥሻ ከ18.5 እስከ 22 ኢንች ይበቃል፤ ከ18 ኢንች ያጠረ በርሜል በፌዴራል ሕግ የተለየ ምዝገባ የሚጠይቅ ስለሆነ በመጋዝ አሳጥራለሁ ማለት ወንጀል ላይ መውደቅ ነው።

በሕጉ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ወገኖቻችንን በተለይ የሚነካ ነገር አለበትና። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2019 መጀመሪያ አንሥቶ በግል መሬት ላይ፣ በባለ መሬቱ ፈቃድ፣ አሳማ ለማደን የአደን ፈቃድ እንዳይጠየቅ አድርጓል። ሌሎች ክፍለ ግዛቶች እንዲህ አይደሉም፤ ካሊፎርኒያ ፈቃድ ትጠይቃለች፣ በእርሳስ ጥይት ማደንንም ከልክላለች፤ ስለዚህ እዚያ የመዳብ ስላግ ያስፈልጋል። የዜግነት ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ያልሆነ፣ በጉብኝት ወይም በትምህርት ቪዛ ያለ ሰው ደግሞ በፌዴራል ሕግ በመሠረቱ ጠመንጃ መያዝ የተከለከለ ነው፤ ከዚህ ክልከላ ከሚያወጡት ጥቂት ምክንያቶች አንዱ በአሜሪካ የተሰጠ፣ ጊዜው ያላለፈ የአደን ፈቃድ ነው። እንግዲህ «ቴክሳስ ፈቃድ አይጠይቅም» ብሎ ከዘመዱ ጋር ጫካ የገባ እንግዳ፣ ያ ያልያዘው ወረቀት ከባድ ወንጀል ውስጥ ሊከተው ይችላል። የዘመዱን ጠመንጃ ለአንድ ምሽት መያዝም ያው መያዝ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ካለ አስቀድሞ የሕግ ባለሙያ ያማክር።

ስጋውን በተመለከተ የተዋሕዶ አማኙም ሙስሊሙም እንደማይበላው የታወቀ ነው፤ ወዳጄም የገደለውን ለሚፈልጉ ጎረቤቶች ይሰጣል። ማንም ቢበላው፣ ማንም ቢገፈው፣ የዱር አሳማ ወደ ሰው የሚተላለፍ ብሩሴሎሲስ የተባለ በሽታ ስለሚሸከም ባዶ እጅ ደሙን መንካት አይገባም፤ የጎማ ጓንት ከጥይቱ ጋር አብሮ የሚገዛ ዕቃ ነው። የጆሮ መከላከያም እንዲሁ፤ የሾትጋን ድምፅ ከ150 ዴሲቤል ይበልጣል፤ ጆሮን ለዘለቄታው የሚጎዳው ደግሞ 140 ላይ ይጀምራል።

ስላግ ሲስት ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ስለሚችል ከዒላማው ጀርባ ያለውን ማወቅ ከማነጣጠር ይቀድማል። ማማ የሚወደደው በዚህ ነው፤ ከላይ ወደ ታች የተተኮሰ አረር እንስሳውን ቢያልፍም መሬት ይቀበለዋል። አሳማው ከወደቀ በኋላ ደግሞ ወዲያው አቀባብሎ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ፣ ከጀርባው በኩል ቀርቦ ዓይኑን በረጅም እንጨት መንካት የአዳኞች ልማድ ነው፤ ዓይኑ ከተርገበገበ ገና አልሞተም።

ወዳጄ በመጨረሻ ያገለገለ ባለ 12 ጌጅ ፓምፕ፣ ልሙጥ በርሜል፣ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ቾክና አንድ የቀይ ነጥብ መነጽር ገዛ። በወረቀት ሳህኑ ላይ ከ50 ሜትር አምስት ስላግ ተኩሶ አምስቱም ገቡ፤ ከ70 ሜትር ግን ሁለቱ ብቻ ሳህኑን አገኙ። በማግስቱ ከማማው 50 ሜትር ቆጥሮ ካስማ ተከለ፤ በጫፉም ቀይ ጨርቅ አሰረበት፤ ከጨርቁ ወዲያ የቆመ አሳማ ምንም ያህል ቢያጓጓ ምላጩን አይነካም።